ለእንቁላልና ለልጆች የሚሆን ፒክአፕ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድሜ። ቢሾፍቱ፣ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ 600 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። መኖ በሳምንት አንዴ አመጣለሁ፤ እንቁላል በየቀኑ ለሱቆችና ለሁለት ሆቴሎች አደርሳለሁ። ጠዋት ሁለቱን ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰውም እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ በባጃጅና በኪራይ መኪና ነው የኖርኩት። አሁን ያገለገለ ትንሽ ፒክአፕ ልገዛ ነው። ሲንግል ጋቢና ይሻለኛል ወይስ ደብል? ደላላው ‹ሃይሉክስ ካልሆነ አትግዢ› ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ‹በዚህ የነዳጅ ዋጋ ኤሌክትሪክ ነው እንጂ› ይላል። በቀን 60 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

መልስ፦ ሰላም እህቴ። የደላላውንም የታናሽ ወንድምሽንም ሐሳብ ለጊዜው እናቆየው። መጀመሪያ መኪናው ምን እንደሚጭን እንቁጠር። ብዙ ሰው ፒክአፕ ሊገዛ ሲነሳ የሚያስበው በዓመት አንዴ ስለሚጭነው ትልቅ ጭነት ነው። መኪናው የሚደክመውም የሚመቸውም ግን በየቀኑ በሚሠራው ሥራ ነው።

አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። በ115 ግራም ብናስበው 600 ዶሮ በቀን 69 ኪሎ ይፈልጋል። በሳምንት 483 ኪሎ ነው፤ አምስት ኩንታል አይሞላም። ባለ 50 ኪሎ አሥር ከረጢት በይው። አሁን እንቁላሉን እንየው። ከመቶ ዶሮ 80ው ቢጥል በቀን 480 እንቁላል ይሆናል። ባለ 30 ትሬ ከሆነ 16 ትሬ ነው። አንድ እንቁላል በአማካይ 60 ግራም ገደማ ይመዝናል። የቀኑ ምርትሽ በሙሉ 30 ኪሎ አይሞላም ማለት ነው። ከልጆችሽ የአንዱን ያህል ቢመዝን ነው።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን አምስት ኩንታል ትጭኛለሽ። በቀሩት ቀናት ሁለት ልጆችና 30 ኪሎ እንቁላል። መኪናሽ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው የሚሄደው። ከዚህ በታች የምነግርሽ ነገር ሁሉ ከዚህ ሒሳብ የሚወጣ ነው።

ፒክአፕ የሚሠራው አንድ ቶን ገደማ እንዲሸከም ነው። የኋላው ባሌስትራ፣ ማለትም ክብደቱን የሚሸከሙት የተደራረቡ ብረቶች፣ የተደረደረው ለዚያ ክብደት ነው። ጭነት ሲኖረው ይለመጣል፣ መንገዱን ይውጣል። ባዶውን ሲሄድ ግን አይለመጥም። ጉድጓድ ሲያገኝ ኋላው ይዘላል። መኖ ቢዘል ምንም አይሆንም። እንቁላል ግን ትሬው ውስጥ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ስንጥቁ የሚታየው ሱቅ ደርሶ ባለሱቁ ሲያወጣው ነው።

አንድ እንቁላል አከፋፋይ ደንበኛ ነበረኝ። መኪናውን ሲገዛ «ይጠንክርልህ» ብለውት በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ተጨማሪ ባሌስትራ አስገጥሟል። በየቀኑ ከኋለኛው ረድፍ አንድ ትሬ ሙሉ እየተሰበረበት፣ ጥፋቱን በሹፌሩ ላይ ጥሎ ሊያባርረው ደርሶ ነበር። ሁለቱን ባሌስትራዎች አወጣን። የደከሙትን አሞርዛተሮች፣ ዝላዩን የሚያረጋጉትን፣ ቀየርን። ትሬዎቹን ከኋላ በር አንስተን ከጋቢናው ጀርባ አስጠግተን ደረደርናቸው። በማግስቱ ደወለልኝ፤ የተሰበሩት አራት እንቁላሎች ብቻ ነበሩ። ሹፌሩም ሥራው ላይ ቀረ።

ከጋቢናው ጀርባ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ካሶኒው፣ ማለትም ዕቃ የሚጫንበት የኋላ ክፍል፣ መጨረሻው ከኋላ ጎማ አልፎ የተንጠለጠለ ነው። ጎማው አንድ ጣት ከፍ ካለ እሱ ከዚያ በላይ ይነሳል። ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት፣ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ያለው ቦታ ግን የሚነሳው ትንሽ ነው። ወፍራም ስፖንጅ ወይም የጎማ ምንጣፍ አንጥፊበት። የጎማ ንፋስንም አትርሺ። በሹፌሩ በር መክፈቻ አካባቢ ያለውን ተለጣፊ አንብቢ። ለባዶና ለሙሉ ጭነት የተለያየ ቁጥር የሚሰጡ መኪኖች አሉ። ጎሚስታው ሁሉንም እንደ ጭነት መኪና ጢም አድርጎ ከሞላልሽ በእንቁላልሽ ላይ ፈርዶበታል።

ስለዚህ የምትገዢው መኪና ባሌስትራ የተጨመረበት መሆን አለመሆኑን እዪ። ቀላል ነው። የተጨመረው ብረት ብዙ ጊዜ ቀለሙ ወይም ውፍረቱ ከሌሎቹ ይለያል። ማሰሪያ ብሎኖቹም ረዝመው ወጥተው ይታያሉ። እንዲህ ዓይነት መኪና ቀድሞ ከልክ በላይ ሲጭን እንደኖረም ይነግርሻል።

ወደ ጋቢናው ልምጣ። ላንቺ ደብል ጋቢና ነው። እዚህ ላይ አላመነታም። የሲንግል ጋቢና ካሶኒ 2.3 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ የደብሉ 1.5 ሜትር አካባቢ ነው። ቆርቆሮና ቧንቧ የምታመላልሺ ብትሆኚ ሲንግል ግዢ እልሽ ነበር። አሥር ከረጢት መኖ ግን የደብሉ ካሶኒ ላይ በሦስት ድርብ ያለ ችግር ይገባል። በሌላ በኩል ሲንግል ላይ ሁለቱን ልጆች የት ታስቀምጫቸዋለሽ? መሐል የሚቀመጠው ልጅ ጉልበቱ ማርሹ ላይ ነው። ብዙ ጊዜም ትከሻ ላይ የሚያልፍ ቀበቶ የለውም። ከኋላ ትንሽ ቦታ ያለው ኤክስትራ ካብ የሚባለው አለ። እሱ ለዕቃ ነው፣ ለልጅ አይደለም።

ልጆቹን «ቅርብ ነው» ብለሽ አንድም ቀን ካሶኒ ላይ እንዳታስቀምጪ። በእጄ ያለፉ የተጋጩ መኪኖች ብዙ ናቸው። ካሶኒ ላይ የነበረ ሰው የሚይዘው ነገር የለም። ስትገዢም የኋላ ወንበር ቀበቶዎችን አንድ በአንድ ስበሽ ሞክሪ። ብዙ ያገለገሉ ደብል ጋቢናዎች ላይ ከወንበሩ ሥር ተቀብረው፣ ማሰሪያቸው ጠፍቶ ነው የሚገኙት። ማስገጠም ይቻላል። ያለ እነሱ ግን ትምህርት ቤት አትሂጂ።

አሁን መንገዱ። ቢሾፍቱ ዙሪያ ያለውን ጥቁር አፈር ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ጎማ ላይ ተጠቅልሎ ያልቃል። የዶሮ ቤትሽ ከአስፋልቱ ወጥቶ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ከሆነ ፎር ዊል ያስፈልግሻል። ባዶ ፒክአፕ ክብደቱ ያለው ፊት ላይ፣ ሞተሩ ዘንድ ነው። የሚገፋው ግን የኋላ ጎማ ነው። ክብደት የሌለው ጎማ ጭቃ ላይ ይሽከረከራል እንጂ አይገፋም። መንገድሽ ጠጠር የፈሰሰበት ከሆነ ግን ፎር ዊሉ ይቅርብሽ። ዋጋውም ነዳጁም ይጨምራል። የምትገዢው ፎር ዊል ከሆነ፣ አብዛኞቹ ፒክአፖች ላይ እሱን ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ መንዳት እንደማይገባ ለባለቤትሽም ለሹፌርም ንገሪ። ፊትና ኋላ መታጠፊያ ላይ እኩል አይዞሩም። ውጥረቱ የሚያርፈው ካምቢዮና ዲፈረንሻል ላይ ነው።

ሞተሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ ላይ በወጣሽ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ከመቶ ያህል ያጣል። አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአምስት የፈረስ ጉልበት አንዱ ቀረ ማለት ነው። አዲስ አበባ ስትገቢ ደግሞ ወደ ሩብ ይጠጋል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህ ጉዳት አይሰማውም ማለት ይቻላል። «ያቺ አሮጌ ናፍጣ ለምን ዳገት ትፈራለች?» ለሚል ሰው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ሞተሩ አልታመመም። አየር አጥሮት ነው።

በሌላ በኩል የድሮዎቹ ቱርቦ አልባ ናፍጣዎች ትልቅ ጸጋ አላቸው። ለምሳሌ ከ2005 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራው ሃይሉክስ ላይ የነበረው 3.0 ሊትሩ ፋይቭ ኤል ሞተር 100 ፈረስ አይሞላም። ግን የነዳጅ ፖምፓው መካኒካል ነው። የትም ገጠር ያለ መካኒክ ይፈታዋል። ነዳጁ ትንሽ ቢቆሽሽም ይችለዋል። ኮመን ሬይል የሚባሉት አዲሶቹ ናፍጣዎች ግን ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጩት። ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ኢንጀክተራቸውን ይበላዋል። የኢንጀክተር ዋጋ ደግሞ ሰው ያስደነግጣል። ስለዚህ ኮመን ሬይል ከገዛሽ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ አትቅጂ። ደህና የነዳጅ ፊልትሮ ግዢ፣ በሰዓቱ ቀይሪ። ፊልትሮው ሥር ያለውን ውሃ ማውጫም በየጊዜው ክፍት አድርገሽ አፍስሺ።

ላንቺ ሥራ በጥሩ ሁኔታ የተያዘ ቱርቦ ናፍጣ፣ ማንዋል ማርሽ ያለው እመርጣለሁ። አዲስ አበባ ድረስ እየመጣሽ እንቁላል የምትሸጪበት ቀን ከመጣም ዳገቱ አያስጨንቅሽም። ስለ ነዳጅ ደላላ የሚነግርሽን ተይውና ራስሽ አስይው። በቀን 60 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን፣ 1,560 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 10 የሚሄድ መኪና 156 ሊትር ይጠጣል። በሊትር 8 የሚሄደው 195 ሊትር። ልዩነቱ 39 ሊትር ነው። በዕለቱ ዋጋ አባዢው። ያ ቁጥር «ጥሩ ዋጋ» የተባለችው መኪና በእርግጥ ርካሽ መሆኗን ያሳይሻል።

ሃይሉክስ ነው ወይስ ሌላ? ደላላው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ሃይሉክስ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራ ነው። እዚህ አገር ዕቃው በየቦታው አለ፣ መካኒኩም በየቦታው አለ። ስትሸጪውም ገዢ አያጣም። ግን ይህን ሁሉ አስቀድመሽ ትከፍይበታለሽ። በአንድ ዓይነት ገንዘብ ያረጀ ሃይሉክስና ብዙ ያልሠራ አይሱዙ ዲማክስ ወይም ሚትሱቢሺ ኤል 200 ፊትሽ ቢቀርብ፣ እኔ ሁለተኛውን አየዋለሁ። ዲማክስ ሞተሩ ጠንካራ ነው። ኤል 200 ደግሞ አጭር ቦታ ላይ ይዞራል፤ የዙሪያ ራዲየሱ 5.9 ሜትር ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ መኪና ተጠቅጥቆ ሲቆም የዚህ ጥቅም ይገባሻል። ከስም በፊት አንድ ሥራ ሥሪ። አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂጂና የምታስቢያቸውን መኪኖች የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የአንድ ኢንጀክተርና የፊት መብራት ዋጋ ጠይቂ። ሦስት ዋጋ ብቻ። አንዱ ከጠፋ ወይም «በትዕዛዝ ነው» ከተባልሽ ያን መኪና ተይው።

የሞተር ቤልት ጉዳይም አለ። ከ2005 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የተሠሩት 2.5 እና 3.0 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክሶች ቤልት አላቸው፤ በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ከዚያ በኋላ የመጡት 2.4 እና 2.8 ሊትሮች ሰንሰለት ናቸው። የድሮው ኤል 200 2.5 ሊትርም ቤልት ነው፣ እሱ ደግሞ ቶሎ ነው የሚቀየረው። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካላሳየሽ እንዳልተቀየረ ቁጠሪው። የመቀየሪያውን ዋጋ ከመኪናው ላይ አስቀንሺ። ቤልት ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ከዚያ በኋላ ወሬው የሞተር ነው።

አሁን ከስም ሁሉ የሚበልጠው ሻንሲው ነው፤ ጋቢናውና ካሶኒው የተቀመጡበት የሥር ብረት። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ሊገዛት ያሰባትን ደብል ጋቢና ይዞ ጋራዥ መጣ። ቀለሟ መስታወት ነው። ጎማዋ አዲስ፣ የወንበር ልብሷ አዲስ። ሰውዬው ቀብድ ሊከፍል ቸኩሏል። ካርቶን አንጥፌ ሥሯ ገባሁ። ጋቢናውና ካሶኒው በሚለያዩበት ትይዩ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቦታ ላይ ጥቁሩ ቀለም ከሌላው ይበልጥ ያበራል። በጥፍሬ ፋቅሁት። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ከስቱኮው ሥር የብየዳ ስፌት። ሻንሲው ተሰብሮ ተበይዷል። ሰውዬውን ጠርቼ ስልኩን አብርቶ ራሱ እንዲያይ አደረግሁ። ብዙ ደቂቃ ዝም ብሎ ተንበርክኮ አየው። ገንዘቡ የሁለት ወንድማማቾች ቁጠባ ነበር።

ሻንሲ እዚያ ቦታ ላይ የሚሰበረው ከኋላ ጎማ ባሻገር ከልክ በላይ ሲጫን ነው። ጭነቱ ኋላውን ወደ ታች ይጫናል፣ ብረቱ ጋቢናው ጀርባ ላይ ይታጠፋል። አንቺም ስታዪ ካርቶን ያዢ፣ ወይም የምታምኚው መካኒክ ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ የሚያመጣው መካኒክ ያንቺ መካኒክ አይደለም።

ሞተሩን ለማየት ጠዋት ሂጂ፣ ሻጩም ቀድሞ እንዳያስነሳው ንገሪው። ስትደርሺ ኮፈኑን በመዳፍሽ ዳስሺ። ትኩስ ከሆነ ለምን እንደሞቀ ጠይቂ፣ ሌላ ቀንም ተመለሺ። ሲነሳ ጭሱን እዪ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ኢንጀክተር ወይም ውሃ ይጠረጠራል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን አንሺ። እንደ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ገፍቶ ከወጣ ፒስተኑ አልቋል። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው የምትከፍቺው። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ አትግዢ። ለፍሪሲዮን ደግሞ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ይዘሽ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተሽ ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙ አትመኚው። የፔዳሉን ጎማ እዪ። 80,000 የሚል መኪና ላይ የፍሬኑ ፔዳል ጎማ አልቆ ብረቱ ከታየ፣ እውነቱን የሚናገረው ፔዳሉ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራስሽ አስተያዪ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ተከፍሎ ማለቁን አረጋግጪ፣ አለበለዚያ ስም ማዞሩ ላይ ትያዢያለሽ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሳታጣሪ ቀብድ አትክፈይ።

የታናሽ ወንድምሽን ሐሳብ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ስለናቅሁት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ አይጎዳውም። በቀን 60 ኪሎ ሜትር ደግሞ ሌሊት ቤት ውስጥ ቻርጅ ተደርጎ የሚያድር ርቀት ነው። አንዳንዶቹ መኪኖች ከባትሪያቸው ወደ ውጭ መብራት መስጠት ይችላሉ። ዶሮ የምታረቢ ሰው ስለሆንሽ መብራት በጠፋ ሌሊት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ነሽ የምታውቂው። የኔ ስጋት ሌላ ነው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ስትገዢ የመኪናው ዋጋ ትልቁ ክፍል ባትሪው ውስጥ ነው። የባትሪውን ጤና ደግሞ በዓይንም በጆሮም አታውቂውም፣ በመሣሪያ ተለክቶ መታየት አለበት። አዲስ፣ በጽሑፍ የባትሪ ዋስትና ያለው፣ ሻጩም እዚሁ ጋራዥና ዕቃ ያለው ካገኘሽ ወንድምሽን ስሚው። ግን ከመሬት ያለውን ከፍታ ሳታዪ አትግዢ፤ ባትሪው ሥሩ ነው የተቀመጠው፣ የክረምቱ ጭቃ መንገድሽም ጎድጓዳ ነው። ያገለገለ ነው የምገዛው ካልሽ ግን ዛሬ በናፍጣው ላይ እቆያለሁ።

የመጨረሻው ሙከራ ያንቺ ነው። መኪናዋን ልትነጂ ስትሄጂ አንድ ትሬ እንቁላል ይዘሽ ሂጂ። ካሶኒው ላይ፣ ከጋቢናው ጀርባ አስቀምጪው። ሻጩ በአስፋልት ሊያዞርሽ ይፈልጋል፤ አንቺ ግን የዶሮ ቤትሽን በሚመስል መንገድ፣ በየቀኑ በምትነጂበት ፍጥነት ንጂያት። ስትመለሺ ሠላሳውንም አንድ በአንድ እያነሳሽ ወደ ፀሐይ አድርገሽ እዪ።